ከገደል ወደ ቁጥር፦ በሰሜን ሸዋ ያልተገኘ ነዳጅና ጋዝ ዕድልን የመገመት አሠራር

«ጀማ ሸለቆ ያለው አለት ኦጋዴን ጋዝ ከተገኘበት ጋር አንድ ነው ይባላል፤ ታዲያ እኛ ጋ የማይኖረው ለምንድን ነው?» ይህ ጥያቄ ከፍቼም፣ ከዓለም ከተማም፣ ከደብረ ብርሃንም ይመጣል። ጠያቂው አንዳንዴ የጂኦሎጂ ተማሪ፣ አንዳንዴ የወረዳ ማዕድን ባለሙያ፣ አንዳንዴም ከምንጭ ላይ የቀዳውን የሚያብረቀርቅ ውሃ በሃይላንድ የያዘ ገበሬ ነው። እዚህ ያለው አሠራር ጉድጓድ ሳይቆፈር፣ ከመንገድ ዳር ገደልና ከካርታ ተነስታችሁ «ዕድሉ ይህን ያህል ነው፣ ደካማው ቦታ ይህ ነው» የሚል ወረቀት እንድታወጡ ነው። ነዳጅ ግን አያገኝላችሁም፤ ያ የቁፋሮ ሥራ ነው።

ነዳጅ እንዲጠራቀም አመንጪ አለት (ነዳጁ የሚወጣበት)፣ አመንጪውን የሚያበስል ሙቀት፣ ማከማቻ አለት (በቀዳዳው የሚይዘው)፣ ክዳን አለት (ከላይ የሚያግደው) እና በጊዜው የተሠራ ወጥመድ (የፈለሰውን ነዳጅ አንድ ቦታ የሚያስቀር የአለት ቅርጽ) በአንድ ላይ ያስፈልጋሉ። አንዱ ከጎደለ የቀሩት አራቱ ዋጋ የላቸውም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምራችሁ ደካማውን ፈልጉ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- የጂኦሎጂ መዶሻ፣ 10 እጥፍ የሚያጎላ የእጅ መነጽር፣ የጂኦሎጂ ኮምፓስ፣ ጂፒኤስ
- 1.5 ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ በትር (በየ10 ሳንቲሜትሩ ምልክት የተደረገበት) እና ዘንበል መለኪያ
- 10 በመቶ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ በጠብታ ጠርሙስ
- አካፋና ዶማ (አዎ፣ ዶማ፤ ምክንያቱ ደረጃ 3 ላይ ነው)
- የአልሙኒየም ፎይል፣ የጨርቅ ከረጢት፣ የማይለቅ ምልክት ማድረጊያ
- አልትራቫዮሌት የእጅ መብራት፣ አሴቶን፣ ነጭ የሸክላ ሳህን
- የ1፡250,000 የጂኦሎጂ ካርታ፣ የ30 ሜትር የከፍታ መረጃ፣ የሳተላይት ምስል፣ የካርታ ሶፍትዌር ያለው ላፕቶፕ
- ከወረዳና ከቀበሌ የተጻፈ ደብዳቤ

የከርሰ ምድር ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ለጥናት ድንጋይ ለማየት እንኳ ደብዳቤ ያዙ፤ ናሙና ወደ ውጭ ላብራቶሪ የሚላክ ከሆነ የማዕድን ሚኒስቴርን ፈቃድ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ናሙናው ኤርፖርት ደርሶ ከታገደ በኋላ ፈቃድ መፈለግ ወራት ይፈጃል።

1. ንብርብሩን ከታች ወደ ላይ ደርድሩ

ወረቀት ላይ ቀጥ ያለ ዓምድ ሣሉ። በሰሜን ሸዋና በዓባይ ተፋሰስ የሚታየው ቅደም ተከተል በጥቅሉ እንዲህ ነው።

ከሥር ጥንታዊው መሠረት አለት አለ። በላዩ የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ ይመጣል፤ በዓባይ ገደል ውስጥ 300 ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ የጎሃ ጽዮን ፎርሜሽን፣ ማለትም ጀሶ፣ ሼል (ቅጠል ቅጠል እየሆነ የሚሰነጠቅ የደነደነ ጭቃ)፣ ጭቃ ድንጋይና ዶሎማይት (ማግኒዚየም ያለበት የኖራ ድንጋይ ዘመድ) እየተፈራረቁ 450 ሜትር ያህል። ቀጥሎ የአንታሎ ኖራ ድንጋይ፣ 400 ሜትር ያህል። ከላዩ የሙገር ጭቃ ድንጋይ ውፍረቱ ከቦታ ቦታ ከ15 እስከ 320 ሜትር ይዋዥቃል፤ ከዚያ የደብረ ሊባኖስ አሸዋ ድንጋይ፣ እስከ 280 ሜትር። ሁሉንም የሸፈነው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ጀምሮ የፈሰሰው ባዛልት ነው፤ እኛ ጥቁር ድንጋይ የምንለው።

ለምን ይጠቅማል? ከዚህ በኋላ ያለው ስሌት ሁሉ የሚሠራው በእነዚህ ውፍረቶች ነው። እነዚህ ቁጥሮች የመነሻ ግምት ናቸው፤ እናንተ በለካችሁት ይተካሉ።

2. በእግራችሁ ለኩ

ሁለት መንገዶች ይበቃሉ። አንዱ ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደው ነው፤ ከባዛልት ጀምራችሁ በኖራ ድንጋዩና በጀሶው አልፋችሁ አሸዋ ድንጋዩ ላይ ትደርሳላችሁ። ሁለተኛው ከለሚ ወደ ጀማ ወንዝ ወርዶ ወደ ዓለም ከተማ የሚወጣው ነው፤ የላይኛው ጭቃ ድንጋይና አሸዋ ድንጋይ የሚጠናው እዚያ ነው።

በትሩን ከንብርብሩ ወለል በ90 ዲግሪ አቁሙ፣ ዘንበል መለኪያውን ተመልክታችሁ የምታዩበትን ነጥብ ያዙ፣ ወደዚያ ሂዱ፣ ድገሙት። አንድ ዙር 1.5 ሜትር ነው። ንብርብሩ አግድም ስለሆነ የጂፒኤስ ከፍታ ልዩነት ይበቃል የሚል አለ። አይበቃም፤ የእጅ ጂፒኤስ ገደል ሥር ሰማይ ሲጠብበት በከፍታ 10 እና 20 ሜትር በቀላሉ ይስታል፣ የሙገር ጭቃ ድንጋይ ደግሞ አንዳንድ ቦታ ጠቅላላ ውፍረቱ 15 ሜትር ነው።

የተንሸራተተ ቁራጭ ተጠንቀቁ። በጀማና በደብረ ሲና ገደሎች መሬት ይናዳል። ቤት የሚያህል የኖራ ድንጋይ ከላይ ወርዶ ጭቃ ድንጋዩ መሃል ሲቀመጥ ለማያውቅ ሰው ራሱን የቻለ ንብርብር ይመስላል። የንብርብሩ ዘንበል ከጎረቤቱ በድንገት ከተለየ ናዳ ነው፤ አትቁጠሩት።

3. አመንጪውን አለት ናሙና ውሰዱ

ከሁሉም በላይ ስህተት የሚበዛበት እዚህ ነው፤ ቀስ በሉ።

የምትፈልጉት ጠቆር ያለ፣ ቅጠል ቅጠል እየሆነ የሚሰነጠቅ ሼል ወይም ሲመታ የሚከረፋ ጥቁር ኖራ ድንጋይ ነው። ዋናዎቹ ዕጩዎች የጎሃ ጽዮን ሼሎችና የአንታሎ ጥቁር ንጣፎች ናቸው። ቀይ፣ ሐምራዊና አረንጓዴ ጭቃ ድንጋይ (የሙገሩ አብዛኛው እንዲህ ነው) ኦክስጅን ባለበት የተከማቸ ስለሆነ ኦክስጅኑ የነዳጅ ጥሬ ዕቃውን በልቶታል። እዚያ ላይ የላብራቶሪ ገንዘብ አታውጡ።

ሀ. ከፊቱ ከ30 እስከ 50 ሳንቲሜትር በዶማ ቆፍራችሁ ግቡ። ፀሐይና ዝናብ ያገኘው ሼል ኦርጋኒክ ካርቦኑ (ከጥንት ሕያዋን ቅሪት የመጣው፣ የነዳጅ ጥሬ ዕቃ የሆነው) ተቃጥሎ አልቋል፤ ላዩን ከወሰዳችሁ ደህናውን አለት ድሃ አድርጋችሁ ታቀርቡታላችሁ።

ለ. በየ2 ሜትሩ 200 ግራም ያህል ውሰዱ። «ጥሩ የሚመስለውን» ብቻ መርጣችሁ ከወሰዳችሁ አማካዩ ውሸት ይሆናል።

ሐ. በፎይል ጠቅልላችሁ በጨርቅ ከረጢት አስገቡ። ቅባት የተቀባ እጅ፣ የመኪና ዘይት የነካው ጓንት፣ ናፍጣ የፈሰሰበት የጭነት ወለል ናሙናውን ያበላሻሉ። ጎሃ ጽዮን ቁልቁለት ላይ ከባድ መኪና ፍሬን እያቃጠለ የሚወርድበት መንገድ ዳር ናሙና አትውሰዱ፤ ቢያንስ 20 ሜትር ከአስፋልቱ ራቁ።

መ. ላብራቶሪውን ሁለት ነገር ጠይቁ፤ አጠቃላይ ኦርጋኒክ ካርቦን እና ሮክ ኢቫል ምርመራ (አለቱን እያጋለ የሚወጣውን ነዳጅ የሚለካ)። ናሙናው ኖራ ካለበት ካርቦን ከመለካቱ በፊት በአሲድ እንዲታጠብ በጽሑፍ አሳስቡ፤ አለበለዚያ የኖራው ካርቦን ከኦርጋኒኩ ጋር ይቆጠራል።

ውጤቱን ስታነቡ ኦርጋኒክ ካርቦኑ ከ0.5 በመቶ በታች ከሆነ እዚያው አቁሙ። ከ1 በላይ ጥሩ፣ ከ2 በላይ በጣም ጥሩ ይባላል። ቀጥሎ የሃይድሮጅን ኢንዴክስን ተመልከቱ፤ ኤስ2ን (ሮክ ኢቫል የሚሰጠው፣ አለቱ ገና ሊያመነጭ የሚችለው ነዳጅ፣ በሚሊግራም ለአንድ ግራም አለት) ለካርቦኑ አካፍላችሁ በ100 ታባዛላችሁ። ከ300 በላይ ዘይት (ድፍድፍ ነዳጅ) ወደማመንጨት፣ ከ200 በታች ጋዝ ወደማመንጨት ያደላል። ካርቦኑ 3 በመቶ ሆኖ ኢንዴክሱ 40 ከሆነ የእንጨት ከሰል ዓይነት ነገር ነው፤ አትደሰቱ።

ስለ ከሰል ከተነሳ፦ በደብረ ብርሃን አካባቢ የሙሽ ሸለቆ ከሰል እንደ አመንጪ አለት ሲቀርብ ይታያል። የሙሽ ከሰል የተኛው በእሳተ ገሞራ ድንጋዮች መካከል ነው፤ ዕድሜው 22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ፣ ደረጃውም ገና ሊግናይት (ያልበሰለ ቡናማ ከሰል)። ለማገዶ ይሆናል እንጂ በቂ ጥልቀት ተቀብሮ አልበሰለም። ከእናንተ ዓምድ አውጡት።

4. ብስለቱን አስሉ፣ ከዚያ በናሙና አረጋግጡ

አመንጪ አለት ጥሬ ሥጋ ነው፤ ካልበሰለ አይበላም፣ ካረረም አይበላም። ዘይት የሚመነጨው በግምት ከ60 እስከ 150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ ዋናው ሥራ ከ90 በላይ ነው የሚሠራው።

ለጎሃ ጽዮን ፎርሜሽን አጋማሽ እንዲህ አስሉ። ከላዩ የራሱ ግማሽ 225 ሜትር፣ ኖራ ድንጋይ 400፣ ጭቃ ድንጋይ ከ15 እስከ 320፣ አሸዋ ድንጋይ 280፣ ባዛልት ደግሞ ለልምምድ ከ500 እስከ 1500 ሜትር እንበል። ድምሩ ከ1.4 እስከ 2.7 ኪሎ ሜትር ይሆናል። የላይኛውን መሬት ሙቀት 15 ዲግሪ፣ በየኪሎ ሜትሩ ጭማሪውን 30 ዲግሪ ያዙ።

ዝቅተኛው፦ 15 + (1.4 × 30) = 57 ዲግሪ።
ከፍተኛው፦ 15 + (2.7 × 30) = 96 ዲግሪ።

እንግዲህ በአንዱ ስሌት ምድጃው ገና አልጋለም፤ በሌላው ወጡ መንተክተክ ጀምሯል። የሰሜን ሸዋ ጉዳይ የሚንጠለጠለው እዚህ ነው፤ የባዛልቱን ውፍረት በ500 ሜትር መሳት መልሱን ይገለብጠዋል። ስለዚህ ባዛልቱን በደንብ ለኩ፤ ታጥቦ የሄደውን ጫፉንም ገምታችሁ ጨምሩ።

ማረጋገጫው የቪትሪናይት ነጸብራቅ (በአለቱ ውስጥ ያለው የእንጨት ቅሪት ብርሃን የሚመልስበት መጠን፤ ሲበስል ይጨምራል) ነው። 0.6 በመቶ የዘይት መጀመሪያ፣ 1.3 መጨረሻው ነው፤ ከዚያ በላይ ጋዝ። የሮክ ኢቫሉ ቲማክስም (ኤስ2 በብዛት የሚወጣበት የምርመራው ሙቀት) 435 ዲግሪ ላይ መጀመሪያውን ያሳያል። ኤስ2 ከ0.2 በታች በሆነ ናሙና ላይ የተነበበ ቲማክስ ግን ዝም ብሎ ቁጥር ነው፤ ሰርዙት።

አንድ ማሳሳቻ፦ ናሙናችሁ በባዛልት ዳይክ (ቀልጦ በስንጥቅ ገብቶ እንደ ግድግዳ የቆመ ድንጋይ) አጠገብ ከተወሰደ የበሰለ ሆኖ ይወጣል። ዳይኩ የሚያበስለው የራሱን ውፍረት አንድ ወይም ሁለት እጥፍ ያህል ርቀት ብቻ ነው። 3 ሜትር ከሆነ ዳይክ ቢያንስ 10 ሜትር ራቁ።

5. ማከማቻውን መርምሩ

ዋናው ዕጩ የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ ነው፤ ካሉብ (የኦጋዴን የጋዝ መስክ) ላይ ጋዝ ከያዙት አለቶች አንዱም ይኸው ነው። ትኩስ ስባሪ ላይ ውሃ ጠብ አድርጉ። ወዲያው ከመጠጠው የተያያዘ ቀዳዳ አለው፤ እንደ ሸክላ ሳህን ላዩ ላይ ከቆመ በሲሊካ ተደፍኗል። አሲድ ሲነካው ከፈላ ደግሞ የሚያያይዘው ኖራ ነው።

ይህ መለያ ብቻ ነው። ለስሌት የላብራቶሪ የቀዳዳ መጠን ያስፈልጋል፤ ገደል ላይ ያለ አሸዋ ድንጋይ ሲሚንቶው በዝናብ ስለታጠበ ከመሬት ውስጥ ካለው አቻው የተሻለ ሆኖ ይታያል። የገደሉ ናሙና 20 በመቶ ቢሰጣችሁ፣ ለስሌቱ 20ን እንደ ከፍተኛ ጣሪያ ያዙት እንጂ አማካይ አታድርጉት።

6. ክዳኑን ፈትሹ

የአዲግራቱ ክዳን የጎሃ ጽዮን ጀሶና ሼል ነው፤ ሳይሰነጠቅ ከተገኘ ጥሩ ክዳን ነው። የአንታሎ ክዳን የሙገር ጭቃ ድንጋይ ሊሆን ይችላል፤ ግን 15 ሜትር በሆነበት ቦታ ትንሽ ፎልት (የተንሸራተተ የመሬት ስንጥቅ) ይበቃዋል። ለደብረ ሊባኖስ አሸዋ ድንጋይ ባዛልትን ክዳን ብለው የሚጽፉ አሉ። ከባዛልቱ ገደል ሥር የሚፈልቀውን ምንጭ ሂዱና እዩ፦ ውሃው የሚወርደው በባዛልቱ ስንጥቅ ነው። ውሃ ያልያዘ ክዳን ጋዝም አይዝም።

7. ወጥመድ፣ ጊዜና ገደል

በሳተላይት ምስልና በከፍታ መረጃ ላይ ፎልቶችን ሣሉ፤ በቀለም ለዩአቸው። ወደ ሰሜን ምዕራብ የሚሄዱት የቆየው ተፋሰስ መዋቅር ናቸው፤ በደብረ ሲናና በጣርማ በር በኩል ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሚሄዱት የስምጥ ሸለቆ ናቸው፣ ወጣት። ዘይት ከፈለሰ በኋላ የመጣ ፎልት የቆየ ወጥመድን ይሰብራል፤ ስለዚህ በእያንዳንዱ መስመር ላይ «ባዛልቱን ቆርጧል ወይስ አልቆረጠም?» ብላችሁ ጻፉ። ከቆረጠ ከባዛልቱ በኋላ ነው።

አሁን በካርታው ላይ የአዲግራትን አሸዋ ድንጋይ የላይኛ ወለል ከፍታ አስቀምጡ፣ የዓባይን፣ የጀማን፣ የወንጭትንና የሙገርን ወለል በላዩ አስተያዩ። ወንዙ ማከማቻውን ወይም ክዳኑን በቆረጠበት ሁሉ ማከማቻው ለአየር ክፍት ነው፤ ጋዝ ያመልጣል፣ ዝናብ ውሃ ይገባል፣ የቀረውን ዘይት ባክቴሪያ ይበላዋል። ለማየት የሚያስችለን ገደል ራሱ የሚያፈስሰው ገደል ነው። በካርታው ላይ ከገደል ጠርዝ እየራቃችሁ፣ ፎልት ያላለፈበትን ብሎክ ብቻ ከልሉ። የምትገምቱት ያንን ነው።

8. «ዘይት ወጣ» የተባለውን አጣሩ

ከሰሜን ሸዋ በስተሰሜን፣ በደቡብ ወሎ ወረ ኢሉ አካባቢ፣ እውነተኛ የዘይት ፍሳሽ እንዳለ የታወቀ ነው፤ ስለዚህ ጥቆማን አትናቁ። ግን ከሚመጡት አብዛኞቹ የብረት ባክቴሪያ ናቸው። በቀጭን እንጨት የሚያብረቀርቀውን ላይ ንኩ፦ እንደ ብርጭቆ ስባሪ ተሰነጣጥቆ ከተለያየና ተለያይቶ ከቀረ የብረት ዝገት ነው፤ እንጨቱን ተከትሎ ተጠምዝዞ መልሶ ከተያያዘ ዘይት ነው። ዘይት ከሆነ ደግሞ ላይኛው ተፋሰስ ላይ ወፍጮ፣ የውሃ ፓምፕ ወይም የመኪና መታጠቢያ ካለ አስቀድማችሁ እዩ።

ለድንጋይ፦ ትኩስ ስባሪ በነጭ ሳህን ላይ አድርጉ፣ በጨለማ አልትራቫዮሌት አብሩበት፣ ከዚያ አሴቶን ጠብ አድርጉ። ኖራ ራሱም ያበራል፤ ልዩነቱ ዘይት ካለ ብርሃኑ ከአሴቶኑ ጋር እየፈሰሰ ሳህኑ ላይ ቀለበት ይተዋል። የኖራው ካለበት አይነቃነቅም።

9. ወደ ቁጥር ቀይሩ

የዕድል ስሌት በሦስት ይከፈላል፤ አመንጪነት (ብስለትን ጨምሮ)፣ አለቶቹ (ማከማቻና ክዳን)፣ ጊዜና መጠበቅ። ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 1 ስጡና አባዙ። ለልምምድ፦ 0.4 × 0.6 × 0.2 = 0.048፣ 5 በመቶ ገደማ። ሦስቱን ደምሮ ለሦስት ማካፈል 0.4 ይሰጣል፤ ስህተቱ ስምንት እጥፍ ነው፣ በተማሪ ሪፖርትም በብዛት የሚታየው ይኸው ነው።

መጠኑ፦ ስፋት × ውፍረት × የቀዳዳ መጠን × (1 ሲቀነስ በቀዳዳው ውስጥ ያለው የውሃ ድርሻ) ÷ የዘይቱ የመጠን ለውጥ (ወደ ላይ ሲወጣ ጋዙ ስለሚለየው ይቀንሳል)። 10 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ 20 ሜትር፣ 0.15፣ ውሃ 0.4፣ ለውጥ 1.2 ቢሆን 15 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ይወጣል። በ6.29 (በአንድ ሜትር ኩብ ያለው በርሜል) ስታባዙት 94 ሚሊዮን በርሜል ነው። ከዚህ የሚወጣው ሩቡ ቢሆን 23.6 ሚሊዮን፤ በ0.048 ሲባዛ 1.1 ሚሊዮን። ጋዜጣ ላይ የሚወጣው 94ቱ ነው፤ እናንተ ግን አራቱንም ጻፉ።

አንድ ቁጥር ብቻ አትስጡ። ለእያንዳንዱ ግብዓት ዝቅተኛ፣ ሊሆን የሚችል፣ ከፍተኛ አስቀምጡና በኤክሴል 10,000 ጊዜ በዘፈቀደ አውጡት (ሞንቴ ካርሎ የሚባለው ይኸው ነው)። ከዚያ የ95፣ የ50 እና የ5 በመቶ ዋጋዎችን ጻፉ። የ95ቱ ትንሹ ቁጥር ነው፤ «ቢያንስ ይህን ያህል የመሆን ዕድሉ 95 በመቶ» ማለት ነው። የሁለት ብሎኮች አማካይ ይደመራል፤ የ95ቱና የ5ቱ ዋጋዎች ግን በቀጥታ አይደመሩም።

ማስጠንቀቂያ

አሲድ ስታቀጥኑ አሲዱን ወደ ውሃው ጨምሩ፣ ውሃን ወደ አሲድ በፍጹም፤ አንድ እጅ የ37 በመቶ አሲድ ለሦስት እጅ ውሃ። አሴቶን በእሳትና በሲጋራ አጠገብ አይከፈት። ከሰኔ እስከ መስከረም ገደል አትውረዱ፤ ጀማ እናንተ ያላችሁበት ሰማይ ጠርቶ ሳለ ላይኛው ተፋሰስ በጣለ ዝናብ ሊሞላ ይችላል። በበጋም ሸለቆው ቆላ ነው፤ ለአንድ ሰው በቀን 5 ሊትር ውሃና አጎበር ያዙ፣ ከረፋዱ 5 ሰዓት በኋላ ሽቅብ አትጀምሩ። የኖራና የጀሶ ካባ ውስጥ ስትገቡ የድማሚት ሰዓቱን ከካባው ኃላፊ ጠይቁ።

ተደጋግመው የሚታዩ ሌሎች ስህተቶች

የስም መመሳሰልን እንደ ማስረጃ መያዝ። አዲግራት አሸዋ ድንጋይ ኦጋዴንም እዚህም አለ፤ ኦጋዴን ላይ ግን ከሥሩ ቦክህ የሚባል ሼል ያለበት ወፍራም የካሩ ንብርብር (ከአዲግራቱ የሚያረጅ የደለል ክምር) ተኝቷል፣ የደለሉም ጠቅላላ ውፍረት ብዙ እጥፍ ነው። ካሉብን ስታወዳድሩ አለት በአለት ሳይሆን ዓምድ በዓምድ አወዳድሩ።

ባዶ ቦታን በተስፋ መሙላት። ባዛልቱ ሥር ምን እንዳለ የሚያሳይ ሳይዝሚክ (ሞገድ ወደ መሬት ልኮ በማስተጋባቱ የሚሠራ ልኬት) ከሌላችሁ «መዋቅር አለ» ብላችሁ 0.7 አትስጡ። የስበት ኃይል ልኬት ብቻ ካላችሁ 0.5ን አትለፉ፤ ለምን ያንን ቁጥር እንደሰጣችሁም ከጎኑ በአንድ መስመር ጻፉ። ሌላ ሰው ነገ አዲስ ልኬት ይዞ ሲመጣ የሚቀይረው ያንን መስመር ነው።